ልጃችሁን ከርሊንግ ልታስጀምሩ ላሰባችሁ፦ ከጄኒፈር ጆንስና ከራሴ ቤት የተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ካናዳ ዊኒፔግ ከመጣሁ 13 አመት ሆነኝ፣ ከዛ ውስጥ 9 አመቱን የሰራሁት አንድ የከርሊንግ ክለብ ውስጥ ነው፣ ከርሊንግ በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ስፖርት ነው፣ መጀመሪያ በፅዳት ገባሁ ከዛ ቀስ እያልኩ በረዶ የሚሰራውን ሽማግሌ ማገዝ ጀመርኩ፣ አሁን እሱ ሳይኖር እኔ ነኝ የማዘጋጀው። ልጄ 15 አመቷ ነው፣ ከ8 አመቷ ጀምሮ ትጫወታለች። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህታችን "ወንድሜ፣ ልጄን ትምህርት ቤት ከርሊንግ ትሞክር ብለውኛል፣ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርሱት ስፖርት ነው ይላሉ፣ የኔ ልጅ እዛ መሀል ገብታ ምን ልትሆን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በር ላይ ቆመን ግማሽ ሰአት አወራኋት፣ ግን አላለቀልኝም። ሌላም ወላጅ ይጠቅማል ብዬ ነው አሁን በሰፊው የምፅፈው።

ያለችው ነገር ውሸት አይደለም። ከርሊንግ የቤተሰብ ጨዋታ ነው። በድሮ ጊዜ ከካናዳዋ ሳስካችዋን የወጣው የኧርኒ ሪቻርድሰን ቡድን ወንድማማቾችና የአጎት ልጆች የበዙበት ሆኖ ነው 1959፣ 1960፣ 1962 እና 1963 ላይ አለምን ያሸነፉት። ስኮትላንዳዊቷን ኢቭ ሙርሄድን ብትወስዱ አባቷ ጎርደን በአለም ሻምፒዮና የተጫወተ ሰው ነው፣ 2018 ኮሪያ ኦሎምፒክ ላይ እሷ በሴቶቹ ስትጫወት ሁለቱ ወንድሞቿ ግሌንና ቶማስ በወንዶቹ ቡድን ነበሩ። ከዚሁ ከዊኒፔግ የወጣች ደግሞ ዝነኛዋ ተጫዋች ጄኒፈር ጆንስ አለች፣ ወላጆቿ ተጫዋቾች፣ ባሏ ብሬንት ላንግ ራሱ የአለም ሻምፒዮን። ስም ዝርዝሩን ያየ ሰው "በቃ ይሄ በደም ነው" ቢል አልፈርድበትም፣ እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዛ ነበር የማስበው።

ለማያውቀው ጨዋታውን ባጭሩ ልበል። 45 ሜትር ከምናምን የሚረዝም ጠባብ የበረዶ መስመር አለ፣ ጫፉ ላይ "ሀውስ" የሚሉት ክብ ክብ የተሳለበት ኢላማ አለ። አንድ ቡድን 4 ሰው ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ድንጋይ ይለቃል፣ ተንበርክኮ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚለቀው። ድንጋዩ ወደ 19 ኪሎ የሚመዝን ግራናይት ነው፣ ለኦሎምፒክ የሚሆነው የሚወጣው ስኮትላንድ ካለች ኤልሳ ክሬግ የምትባል ትንሽ ደሴት ነው። ስትለቀው እጀታውን ትንሽ ታዞረዋለህ፣ ድንጋዩም እየሄደ ወደዞረበት ጎን ይታጠፋል። ሁለት ሰዎች ከፊቱ በመጥረጊያ እየፈተጉ ይሮጣሉ፣ ሲፈትጉት ድንጋዩ ራቅ ብሎ ይሄዳል ቀጥ ብሎም ይሄዳል። ወዲያ ማዶ ቆማ የምታዘው "ስኪፕ" ትባላለች። የሁለቱ ቡድን 16 ድንጋይ ሲያልቅ አንድ ዙር አለቀ ማለት ነው፣ "ኤንድ" ይሉታል፣ መሀሉን የቀረበው ቡድን ብቻ ነው ነጥብ የሚያገኘው፣ ከተጋጣሚው ይልቅ ለመሀሉ በቀረቡለት ድንጋዮች ቁጥር ልክ፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ድንጋይ የሚለቀው ሰው ትልቅ እድል አለው፣ "ሃመር" ይሉታል። ሌላው ሌላውን እያዩ ይለመዳል።

አሁን ስለ ጄኒፈር ላውራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ "የከርሊንግ ቤተሰብ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በሷ ህይወት ነው።

1974 እዚሁ ዊኒፔግ ተወለደች። ወላጆቿ ሴንት ቫይታል የሚባለው ክለብ ይጫወቱ ነበር፣ እነሱ በረዶ ላይ ሲሆኑ እሷ ክለቡ ውስጥ ባለው የልጆች ማቆያ ሆና በመስታወት ታይ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ገና ድንጋይ ሳትነካ ስንት ሺ ድንጋይ ሲሄድ አይታለች። አስር አመት ካለፋት በኋላ አባቷ ላሪ ጨዋታውን አስጀመራት። 1994 የካናዳ የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። ከዛ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ህግ ተማረች፣ የህግ ባለሙያ ሆና እየሰራች ነው የተጫወተችው፣ ይሄን በተለይ ለኛ ወላጆች ነው የምናገረው፣ "ስፖርት ትምህርቷን ያበላሽባታል" ለምትሉ። እዚህ አገር ብዙዎቹ ከርለሮች ቀን ስራ አላቸው። ብሪታንያዎቹ 2022 የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስዱ ከአራቱ አንዷ ቪኪ ራይት ነርስ ነበረች።

ጄኒፈርን አገር ሁሉ ያወቃት 2005 ላይ ነው። ሴንት ጆንስ ኒውፋውንድላንድ ላይ የካናዳ ሴቶች ፍፃሜ ነበር፣ ተጋጣሚዋ የኦንታሪዮዋ ጄን ሃና። በመጨረሻው ኤንድ 6 ለ 4 ትመራለች ሃና፣ የሃና ድንጋይ መሀል ላይ ተቀምጧል ከፊቱም ተሸፍኗል፣ በቀጥታ አይገኝም። ጄኒፈር የመጨረሻ ድንጋይ ብቻ ነው የቀራት። ምን አደረገች መሰላችሁ፣ ከሀውሱ ውጪ ጥግ ላይ የቆመ ሌላ ድንጋይ ጎኑን መታች፣ የሷ ድንጋይ ከዛ ነጥሮ ወደ ውስጥ ገባና የሃናን አስወጣው፣ 4 ነጥብ በአንዴ፣ 8 ለ 6 ተጠናቀቀ። ቪዲዮውን ክለባችን ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች እስከዛሬ ድረስ እንደ አዲስ ያዩታል። እኔም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፣ ሁልጊዜ ግን አይኔ የሚያርፈው ድንጋዩ ከመለቀቁ በፊት ባለው ሰከንድ ላይ ነው፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፣ ቤቷ ሳሎን ቁጭ ያለች ነው የምትመስለው።

ከዛ በኋላ ያለውን ቶሎ ልበለው። የካናዳን ሻምፒዮና በአጠቃላይ 6 ጊዜ ወሰደች፣ 2005፣ 2008፣ 2009፣ 2010፣ 2015፣ 2018። የአለም ሻምፒዮን 2008 ቨርነን ላይ፣ እንደገና 2018 ኖርዝ ቤይ ላይ ከ10 አመት በኋላ። መሀሉ ላይ ሶቺ። 2014 ሶቺ ኦሎምፒክ ላይ 11 ጨዋታ 11 ድል፣ በሴቶች ኦሎምፒክ ከርሊንግ ሳትሸነፍ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ስኪፕ ናት፣ ፍፃሜውን ስዊድንን 6 ለ 3። አብረዋት የነበሩት ኬትሊን ሎውስ፣ ጂል ኦፊሰርና ዶውን ማክዩዊን ናቸው። ልብ በሉ፣ ከሶቺ በፊት ባለው 2012 ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ በዛው አመት መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ወልዳ በ15 ወር ገደማ የኦሎምፒክ ወርቅ አንገቷ ላይ አደረገች። ባለቤቴ ይሄን ስነግራት ስራዋን አቁማ "እስቲ ድገምልኝ" አለችኝ።

አሁን ወደራሴ ልመለስ።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ከዶርዜ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ነው የኖረው፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያውን ሲወረውር ነው የማስታውሰው። እኔ በ5 በ6 አመቴ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማግ ቀሰም ላይ አጠነጥንለት ነበር። ማንም "ና ሽመና ላስተምርህ" ብሎኝ አያውቅም። ግን 12 አመት ሲሆነኝ ድሩ ሲላላ ገና ሳልነካው በአይኔ አውቀዋለሁ፣ መወርወሪያው ሲያልፍ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ ክር እንደተበጠሰ አውቃለሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው "የሸማኔ ልጅ በደሙ ነው" ይል ነበር። በደም አልነበረም፣ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ ነው። ታዲያ አንድ ቀን መስታወቱን እየወለወልኩ፣ ከኋላዬ ሁለት ህፃናት አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው እናታቸውን ሲያዩ ሳይ ያ ነገር ድንገት መጣብኝ። ጄኒፈርም እንደዚሁ ናት። የሴንት ቫይታሉ መስታወት ለሷ የአባቴ ጉድጓድ አፍ ነው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ "ልጅቷን ከነገ ጀምሮ ይዣት እሄዳለሁ" አልኳት፣ በርግጥም ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። 7 አመቷ ነበር፣ ለአንድ ክረምት ሙሉ አልተጫወተችም፣ ሙቅ ቸኮሌቷን ይዛ ታያለች፣ እያየች ትጠይቀኛለች፣ የማላውቀውን ሄጄ ሽማግሌውን እጠይቃለሁ።

የኔ ትምህርት ደግሞ በረዶው ነበር። ሰው የሚያስበው በረዶው እንደ ሆኪ ሜዳ ልሙጥ ነው ብሎ ነው። አይደለም። ልሙጥ ቢሆን ድንጋዩ መንገድ ላይ ይቆማል። ውሀ ያለበት ታንክ ጀርባችን ላይ እንሸከማለን፣ ከሱ የሚወጣ ቱቦ አለ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ራስ አለው፣ ሞቅ ያለ ውሀ ነው፣ ወደኋላ እየተራመድክ ክንድህን ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እኩል ታወዛውዛለህ፣ ጠብታው በረዶው ላይ ሲያርፍ እዛው ጉብ ብሎ ይረጋል፣ "ፔብል" ይሉታል። የድንጋዩ ሆድ ደግሞ ሰርጎ የገባ ነው፣ በረዶውን የሚነካው ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው፣ እሱ ቀለበት በነዛ ጉብታዎች ላይ ነው የሚሄደው። እርምጃህ ከክንድህ ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ይበዛል አንድ ቦታ ይሳሳል፣ ተጫዋቹ ድንጋዩ ለምን እንደከዳው አያውቅም፣ አንተ ግን ታውቃለህ። እኔ እስኪገባኝ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ሽማግሌው ምንም አይናገረኝም ነበር፣ ዝም ብሎ በረዶው ላይ ተንበርክኮ መዳፉን ያሳርፍና "እዚህ ጋ ቸኩለሃል" ይለኛል። አባቴም ልክ እንደዚህ ጥበቡን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ ነበር የት ጋ እንደላላ የሚነግረኝ።

ልጄ 8 ሲሞላት የልጆች ፕሮግራም ገባች። ልጆች በትልቁ ድንጋይ አይጀምሩም፣ ግማሹን ያህል የሚመዝን ትንሽ ድንጋይ አለ፣ ስለዚህ ወገቧ ይጎዳል ብላችሁ አትስጉ። ወድቃለች፣ አልቅሳለች፣ ተነስታለች። 10 አመቷ ላይ ከሷ ጋር ያሉት ሶስቱም ልጆች እናት አባታቸው የሚጫወቱ ናቸው፣ የአንዷ አያት ፎቶ ክለቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ጊዜ ያ ነገር ያሳስበኝ ነበር፣ ከጨዋታ በኋላ ወላጆቹ ጠረጴዛ ከበው "ሶስተኛው ኤንድ ላይ ጋርድ ማስቀመጥ ነበረባት" ምናምን ሲሉ እኔ ዝም ነበር የምለው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ያሳፍረኛል ግን ዋናው እሱ ስለሆነ ልናገረው። 12 አመቷ ላይ የልጆች ቦንስፒል ነበር፣ ቦንስፒል ማለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ የሚካሄድ ውድድር ማለት ነው። ፍፃሜ ደረሱ። መጨረሻው ኤንድ ላይ እኩል ናቸው፣ ሃመሩ የነሱ ነው፣ ስኪፗ ልጄ ናት፣ ሀውሱ ውስጥ የተጋጣሚ አንድ ድንጋይ አለ ጠርዝ ላይ፣ ከሱ የቀረበ ቦታ ላይ አሳርፋ ብትቆም ያሸንፋሉ። ልምምድ ላይ ከአስሩ ስምንቱን የምታገባው ነው። ለቀቀችው፣ ከእጇ ሲወጣ ደስ ይላል፣ ሁለቱ ልጆች መጥረጊያቸውን አንስተው አብረውት ይሮጣሉ፣ አልነኩትም እንኳን፣ ድንጋዩ ሀውሱ ውስጥ ገባ መሀሉን አለፈ አልቆመም፣ ቀስ እያለ ከኋላ ወጣ። ተንበርክካ እንደለቀቀችው እዛው ቀረች። ከዛ ተነስታ የሁሉንም እጅ ጨበጠች።

መኪና ውስጥ ገና በሩን ሳልዘጋ "ምን ነካሽ? ይሄን እኮ በቀላሉ ነው የምታደርጊው" አልኳት። በክፋት አልነበረም፣ እኔንም አቃጥሎኝ ነው። ቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ "አባዬ ዛሬ አልሄድም" አለች። ከዛ በሚቀጥለውም። ሶስት ሳምንት።

ለሽማግሌው ነገርኩት። የሱ አባት ተጫዋች፣ ልጆቹ ተጫዋቾች፣ አሁን የልጅ ልጆቹም። እሱ ያለኝ ይሄ ነው፣ እነሱ ቤት ከጨዋታ በኋላ እራት ተበልቶ ሳህን እስኪነሳ ድረስ ስለ ጨዋታው ማንም አያነሳም፣ ከዛም መጀመሪያ የሚያወራው የተጫወተው ሰው ነው፣ ካላወራ ለዛ ቀን ቀረ ማለት ነው። አባቱም ለሱ እንደዛ ነበር ያደረገለት። ይሄን ሲለኝ ነው የገባኝ። እነዚህ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት እጅ አይደለም፣ መሸነፍን እንዴት አድርገው ቤት ይዘውት እንደሚገቡ ነው የሚያወርሱት።

ከዛ በኋላ የጄኒፈርን ታሪክ በሌላ አይን አየሁት። ሁላችንም 2005ን እና ሶቺን ነው የምናወራው። ግን 2009 ላይ የኦሎምፒክ ማጣሪያውን ተሸንፋ ቫንኩቨር ሳትሄድ ቀርታለች፣ በራሷ አገር የተደረገ ኦሎምፒክ ነው እሱ። 2017 ማጣሪያ ላይ ግማሽ ፍፃሜ ላይ በሌላዋ ካናዳዊት ስኪፕ በሬቸል ሆማን ተሸንፋለች። 2022 ቤጂንግ ደግሞ ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላው፣ ካናዳ 5 አሸንፋ 4 ተሸነፈች፣ ብሪታንያና ጃፓንም ልክ እንደሷ 5 ለ 4 ናቸው፣ እርስ በርስም አንድ አንድ ተሸናንፈዋል። ታዲያ በምን ተለዩ? ከየጨዋታው በፊት ሃመር ማን እንደሚወስድ ለመወሰን ቡድኖቹ ወደ መሀል ድንጋይ ይለቃሉ፣ ከመሀሉ ምን ያህል እንደራቀ በሴንቲሜትር ይለካል፣ የሱ አማካይ ነው የለያቸው። ካናዳ ከሶስቱ መጨረሻ ሆነች ወደ ቤቷ ሄደች። ብሪታንያ በዛው መለኪያ አለፈች፣ ግማሽ ፍፃሜ ላይ ስዊድንን 12 ለ 11 በተጨማሪ ኤንድ፣ ፍፃሜ ላይ ጃፓንን 10 ለ 3 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። የብሪታንያ ስኪፕ ደግሞ ያቺው ኢቭ ሙርሄድ ናት፣ ከ4 አመት በፊት ኮሪያ ላይ ለነሀስ ስትጫወት የመጨረሻ ድንጋይዋ ስቶ ጃፓን ሜዳልያውን የወሰደባት። ያን ድንጋይ ከሳተች በኋላ ዳሌዋን ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ ለቤጂንግም ያለፈችው በመጨረሻው ማጣሪያ ነው። እንግዲህ እኔ ልጄ 12 አመቷ ላይ ስለሳተችው አንድ ድንጋይ መኪና ውስጥ እንደዛ አወራሁ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ አርብ ማታ ክለቡ ባዶ ሆኖ ፔብል እየረጨሁ ነው፣ ባለቤቴ ከስራ ስለዘገየች ልጅቷን ይዣት ነበር የመጣሁት። መስታወቱ ጋር ቁጭ ብላ ታየኛለች። ስጨርስ ወረደችና "አባዬ አንድ ልልቀቅ?" አለችኝ። እሺ አልኳት። ለቀቀች፣ አጠረ፣ ሀውሱ ጋር ሳይደርስ ቆመ። ግራ ገባት፣ "ያኔ በጣም ሄደ፣ አሁን ደግሞ አጠረ፣ እኩል ነው እኮ የለቀቅኩት" አለች። እኔ ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት፣ ስለሷ ሳይሆን ስለ በረዶው። አዲስ የተረጨ ፔብል ላይ ድንጋይ ከበድ ይላል፣ ድንጋይ ሲመላለስበትና ሲጠረግ አናት አናቱ እየተላገ ሲሄድ በረዶው ይፈጥናል፣ ስለዚህ ያን ቀን ፍፃሜው መጨረሻ ላይ የነበረው በረዶ ጠዋት ከነበረው በረዶ ጋር አንድ አልነበረም፣ አንቺ የለቀቅሽው የጠዋቱን ነው አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዛ "እና እንዴት ነው ማወቅ የሚቻለው?" አለች። ሰአት መያዣ አውጥቼ በረዶው ላይ በወርድ ከተሰመረው፣ ሆግ ላይን ከሚሉት መስመር እስከ ወዲያኛው ሆግ ላይን ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እንዴት እንደሚለካ አሳየኋት። መሀል የሚያርፍ ድንጋይ 14 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ሰከንዱ ሲበዛ በረዶው ፈጣን ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ቀስ ብለሽ ብትለቂውም ይደርሳል። በፈረንጁ እስከ ማታ 11 ሰአት እዛ ነበርን። የመጨረሻው ድንጋይዋ መሀል አልገባም፣ ከመሀል አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ቆመ። ደስ አላት። ቅዳሜ ጠዋት ከኔ ቀድማ ነው የለበሰችው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ተዘጋጁበት። ቡድን ይለዋወጣል። ልጄን 13 አመቷ ላይ አብረዋት 3 አመት የተጫወቱት ልጆች ወላጆች በኢሜይል "ለሚቀጥለው አመት ሌላ ልጅ ወስደናል" አሉን። በኢሜይል። ልጅቷ ራሷ ጓደኞቿ እያወቁ እሷ ሳታውቅ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ አሁንም ትክክል አልነበረም እላለሁ፣ ለ13 አመት ልጅ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ግን ይሄ ነገር ከኛ መልክ ጋር ይያያዛል ወይ ብዬ ስብሰለሰል ቆይቼ፣ በዚህ ስፖርት ከላይ እስከታች ያለ ነገር እንደሆነ አየሁ። የጄኒፈር ቡድን ራሱ 2010 ላይ ሻምፒዮን ሆነው ሳለ ካቲ ኦቨርተን ክላፕሃምን አስወጥተው ኬትሊን ሎውስን አስገቡ፣ ከተማው ሁሉ ተከራክሮበታል። ካቲ በሚቀጥለው አመት የራሷን ቡድን ይዛ ግዛታችንን ማኒቶባን ወክላ መጣችና ጄኒፈርን ገጥማ አሸነፈቻት። ይሄን ለልጄ ስነግራት ሁለቴ ነው ያስደገመችኝ። አሁን ሌላ ቡድን ውስጥ ናት፣ ከፊሊፒንስ የመጣች ልጅ አለች፣ ሁለት የዚሁ አገር ልጆች፣ ይዋደዳሉ።

ለጀማሪ ወላጅ የሚሆን ነገር ልጨምር። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ብዙ ክለቦች በራቸውን ከፍተው በነፃ ወይም በትንሽ ብር ያስሞክራሉ፣ በዛን ጊዜ ሂዱ፣ ክረምቱ አጋማሽ ላይ ከሄዳችሁ ቦታ አይኖርም። እቃ አትግዙ መጀመሪያ ላይ። መጥረጊያ ክለቡ ያውሳል፣ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ማንሸራተቻም ያውሳል። የሚለጠጥ ሱሪና ቤት ውስጥ ብቻ የተረገጠ ንፁህ ጫማ ይበቃል፣ ውጪ የለበሳችሁትን ጫማ ይዛችሁ በረዶው ላይ እንዳትወጡ እለምናችኋለሁ፣ አንዲት የጠጠር ፍርፋሪ አንድ ድንጋይ ታስታለች፣ ከዛ የምንፈልጋት እኛ ነን። ለልጅ ጭንቅላቱን የሚከላከል ነገር ግዴታ አድርጉት፣ ወደኋላ ነው የሚወድቁት። በረዶው ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የማያንሸራትተውን እግር፣ ሁልጊዜ። ወጪው ከሆኪ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ያንሳል፣ ለመክፈል ካልቻላችሁም ፀሀፊዋን በግልፅ ጠይቋት፣ ብዙ ቦታ ለልጆች የሚሆን ድጋፍ አለ፣ ማፈር አያስፈልግም።

ስነስርአቱን ቀድማችሁ ለልጃችሁ ንገሯት፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ልጆች ከቤት ይዘውት ስለሚመጡ ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳትም። ከጨዋታ በፊትም በኋላም እጅ ይጨባበጣሉ። መጥረጊያዋ የሚሄድ ድንጋይ ከነካ ማንም ባያይም እራሷ ነች የምትናገረው። ተጋጣሚ ሲስት አይጨበጨብም። የማሸነፍ ተስፋ ሲያልቅ ጨዋታው ሳያልቅ እጅ ዘርግቶ "በቃ አሸንፋችኋል" ማለት ነውር አይደለም። ከጨዋታ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፣ ያሸነፈው ነው የተሸነፈውን የሚጋብዘው፣ ልጆች ከሆኑ ለስላሳ ወይም ሙቅ ቸኮሌት። እባካችሁ እዛ ጠረጴዛ ላይ ልጃችሁን አስቀምጧት፣ "ቶሎ እንሂድ" ብላችሁ አትውሰዷት፣ እናንተም ከወላጆቹ ጋር ተቀመጡ። እኔ ሁለት አመት ሙሉ እየተጣደፍኩ ወስጃታለሁ፣ ስራ ስለነበረብኝም ስላፈርኩም። ልጆቹ የሚዋወቁት እዛ ጋ ነው፣ ለሚቀጥለው አመት ቡድን የሚመሰረተውም እዛ ጋ ነው።

ጄኒፈር 2024 ካልጋሪ ላይ በአራት ሰው ቡድን የመጨረሻ የካናዳ ሻምፒዮናዋን ተጫውታ ተሰናበተች፣ 49 አመቷ ነበር፣ ፍፃሜ ደርሳ በሆማን 5 ለ 4 ተሸነፈች። ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ሆነን ነው ያየነው። አብረዋት የተጫወቱት ልጆች ከሷ ግማሽ እድሜ ናቸው። ሲያልቅ ልጄ ምንም አላለችም፣ እኔም ምንም አላልኩም፣ እራት በላን፣ ሳህን አነሳን። ከዛ "አባዬ፣ እነዛ ልጆች እኮ በየቀኑ አጠገቧ ናቸው" አለችኝ።

አሁን ውድድር ባለበት ቅዳሜ ጠዋት በፈረንጁ 6 ሰአት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ አብራኝ ትመጣለች። እኔ ረጭቼ ስጨርስ እሷ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ድንጋይ ለቃ ሰከንዱን ትነግረኛለች። ባለፈው ሳምንት ሶስተኛው መስመር ላይ 13.6 አለችኝ፣ ሌሎቹ 14 ናቸው። ተመልሼ ሄጄ ተንበርክኬ መዳፌን አሳረፍኩ፣ ልክ ናት፣ እዛ ጋ አብዝቻለሁ።